ወንበሩ ገና አልቀዘቀዘም ነበር

ባለፈው ማክሰኞ ከፒያሳ ሜክሲኮ ስሄድ ሁለት ጊዜ ሂሳብ ተጠየቅኩ። ታክሲ ቀይሬ ቢሆን ምንም አልልም ነበር። የተጠየቅኩት በዚያው ታክሲ፣ በዚያው ረዳት፣ እዚያው ወንበር ላይ ነው።

ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነበር። ሰልፉ ጫፉ አይታይም። ግማሽ ሰዓት ከቆምን በኋላ አንድ ሚኒባስ ከተፍ አለ። ታፔላው «ፒያሳ – ሜክሲኮ» ይላል። ረዳቱ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ለገሃር! ለገሃር ብቻ!» ይላል። ሰው ሁሉ ተጋፍቶ ገባ። እኔም ከለገሃር ወዲያ በእግሬ እጨርሰዋለሁ ብዬ ገባሁና በመስኮቱ በኩል ስፖንጁ የወጣ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ቸርችልን ቁልቁል እየተንፏቀቅን «ሂሳብ!» ተባለ። ከፈልን። ለገሃር ስንደርስ በሩ ተከፈተ።

«ጨርሰናል፣ ውረዱ!»

ወረድን። ረዳቱ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ፣ ዓይን ዓይናችንን እያየ መጣራት ጀመረ። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው የቀረው!»

ታክሲው ውስጥ ከሾፌሩ በቀር አንድም ሰው የለም። ሁለት ሰው የቀረው!

እና ሁላችንም ተመልሰን ገባን። በእግሬ እሄዳለሁ ያልኩትም ሰውዬ ጭምር። ማንም አላጉረመረመም። አንዳንዱማ ሲወርድ ከበሩ አልራቀም፤ ያውቀዋል። እኔ እዚያችው ስፖንጅ ላይ ተቀመጥኩ። ገና አልቀዘቀዘችም።

«ሂሳብ!»

«ወንድም፣ አሁን ከፍያለሁ እኮ።»

«እሱ የለገሃር ነው ፋዘር።»

«ታፔላህ እኮ ሜክሲኮ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ታፔላው ላይ ይሳፈሩ።»

ታክሲው በሳቅ አለቀ። («ፋዘር» መባሌ ራሱን የቻለ ሌላ ቁስል ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።)

እኔን ያበሳጨኝ ገንዘቡ አይደለም። የምኖረው ለንደን ነው፤ ከሥራ ቤቴ ለመድረስ ሁለት አውቶብስ እይዛለሁ። እዚያ የመጀመሪያው አውቶብስ ላይ ካርድህን ታስነካለህ፣ ልመጣ ስል 1.75 ፓውንድ ነበር፣ ይቆርጥሃል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በ60 ደቂቃ ውስጥ ሌላ አውቶብስ ብትይዝ ማሽኑ ጢጥ ይልና ዝም። አይቆርጥም። ይህን የጀመሩት በፈረንጆቹ 2016 ነው፤ ያኔ በነጻ መቀየር የሚቻለው አንዴ ብቻ ነበር። ከ2018 ወዲህ ግን በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የፈለግከውን ያህል መቀያየር ትችላለህ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ መስመሩን እንዲህ የዘረጋነው እኛ ነን፣ ቤትህ ቀጥታ የሚወስድህ አውቶብስ አለመኖሩ ያንተ ጥፋት አይደለም።

እንግዲህ አስቡት። እዚያ አውቶብስ ቀይሬ አንዴ እከፍላለሁ። እዚህ ሳልቀይር ሁለቴ።

ለንደንን ልቀድስ ፈልጌ አይደለም። ባቡር ላይ ስትገባም ስትወጣም ካርዱን ማስነካት አለብህ። በር የሌላቸው ጣቢያዎች አሉ፤ ቢጫዋ ማሽን ጥግ ላይ ተገትራ ትጠብቅሃለች። አንድ ማታ ስልክ እያወራሁ አለፍኳት። የት እንደወረድኩ ስለማታውቅ ከፍተኛውን ዋጋ ቆረጠችልኝ። ከማን ጋር ትከራከራለህ? ማሽኗ «ፋዘር» እንኳን አትልህም።

ሌላም አለ። አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ መጥቶ አውቶብስ ልንሳፈር ስንል እንደ ወጉ «ተው፣ እኔ ልክፈል» አልኩ። የራሴን አስነካሁ፣ ደገምኩ። ማሽኑ በቀይ ጮኸብኝ። በአንድ ካርድ ለሁለት ሰው መክፈል የለም። ጥሬ ገንዘብም በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ አይቀበሉም። ጓደኛዬ የራሱ ካርድ የለው፤ ተያይዘን ወረድን። ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም ያልቀረው መንገድ አቋርጦ የመጣ እንግዳ፣ በእግሩ!

ይህን የማነሳው ወደ ሜክሲኮው ታክሲ ልመለስ ስለሆነ ነው። እኔ ከረዳቱ ጋር ስከራከር አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት እጇን ዘርግታ «የሳቸውንም ውሰድ» አለችው። ወሰደ። ክርክሬ ተቆረጠ። ገንዘቡን ልመልስላት ብል በጄ አላለችም። «ከውጭ ነው አይደል የመጡት?» አለችኝ። አዎ አልኩ። እንግዳ ሆኜ አረፍኩት፣ በተወለድኩበት ከተማ። ካልጠፋ ሰው የተማሪ ቦርሳ የያዘች ልጅ ታክሲ ትክፈልልኝ? እስከ ሜክሲኮ ጉልበቴን እያየሁ ሄድኩ።

ከወረድኩ በኋላ ግን ረዳቱንም አሰብኩት። ታሪፉ የሚወጣው በኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሾፌሩ አንድ ቦታ ሃያ ደቂቃ ቢቆም የቆመበት አይታሰብለትም። ነዳጁ ይነዳል፣ ባለንብረቱ የቀኑን ገቢ ማታ ይጠብቃል። አጭር መንገድ ደግሞ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከረጅሙ ይወደዳል። ስለዚህ አንዱን ረጅም ለሁለት አጭር ስትቆርጠው ድምሩ ይበልጣል። ሰው በበዛበት ሰዓት መንገድ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። ረዳቱ ሒሳብ ያውቃል። ሒሳቡ የሚወራረደው በእኛ ኪስ መሆኑ ነው ችግሩ።

መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይመስለኝም። ቴሌብር በእኛ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ አለ። ዛሬ ጀበና ቡና ስጠጣ የከፈልኩት በስልክ ነው። ስልኩ የስኒ ቡና ሂሳብ ካስታወሰ፣ ከአርባ ደቂቃ በፊት ፒያሳ ላይ መሳፈሬን ማስታወስ ያቅተዋል? ቀላል ባቡሩም በ2008 ሲጀምር 2፣ 4 እና 6 ብር ተብሎ እንደ ርቀቱ ነበር የሚከፈለው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ፤ ከአንዱ ወርዶ ሌላውን መጠበቅ ነው። ባቡርን ከአውቶብስ፣ አውቶብስን ከታክሲ የሚያስተሳስር አንድ ክፍያ ቢኖርስ? ይህን ማታ ቤት ገብቼ ለአክስቴ ሳስረዳ ደቂቃ ሙሉ በትዕግሥት ሰማችኝ።

አክስቴ ካዛንቺስ ተወልዳ ካዛንቺስ ያረጀች ናት። ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ገላን ጉራ ደረሳት። ቤቱን አትጠላውም፤ ውሃው ግን ይጠፋል፣ ጎረቤቱ አዲስ ነው፣ ይሄን ሌላ ቀን። ዕድሯና ንስሐ አባቷ መሀል ከተማ ቀርተዋል። ድሮ እስጢፋኖስ ለመሳለም ነጠላዋን ጣል አድርጋ በእግሯ ነበር የምትሄደው።

«ባቡሩን አትይዢም?» አልኳት።

«ደረጃው ጉልበቴን ይጨርሰዋል። ታክሲ ይሻለኛል።»

«ስንት ታክሲ?»

ቦርሳዋን ከፍታ በመሀረብ የተቋጠረ ብር አወጣች። ኖቶቹ ለየብቻ እንደ ክታብ ታጥፈዋል። ለእሑድ አዘጋጅታቸው ነው። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልኝ።

«ይቺ የመጀመሪያው ታክሲ። ይቺ የሳሪስ። ይቺ የስታዲየም።»

አንዲት ቀረች።

«ይቺስ?»

«እሷ ከቆረጡ ናት» አለችና መልሳ ቋጠረቻት።