ጆሮ አዘንብሎ «ኮምፕሬሰሩ ይቀየር» ማለት ምርመራ አይደለም

የመኪና ኤሲ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጆሮውን አዘንብሎ፣ አንዲት ቡሎን እንኳ ሳይፈታ «ኮምፕሬሰሩ አልቆለታል፤ ይቀየር» ብሎ የሚፈርደው የጋራዥ አሠራር አንገሽግሾኛል። (ኮምፕሬሰር የኤሲውን ጋዝ ጨምቆ በቱቦዎቹ የሚያዞረው ክፍል ነው።) እኔም ከአንዱ ጋራዥ ወደ ሌላው ስዞር ይህንኑ ፍርድ ሰምቼ፣ በመጨረሻ አንድ ትዕግሥተኛ ባለሙያ ጩኸቱ ከፑሌጃው (ቺንጋ ከሚያዞረው የኮምፕሬሰሩ መዘውር) ኩሽኔታ እንደሚመጣ በእጁ አዙሮ አሳየኝ። ኩሽኔታው ተቀየረ፤ ሊጣል የነበረው ኮምፕሬሰር ዛሬም ያቀዘቅዛል።

ምርመራው ረቂቅ መሣሪያ የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ እታገሥ ነበር። ፑሌጃው ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ ኤሲው ቢዘጋም ይዞራል፤ የኮምፕሬሰሩ የውስጥ አካል ግን የሚዞረው ኤሲው ተከፍቶ ማግኔቱ ፍሪሲዮኑን (ፑሌጃውን ከኮምፕሬሰሩ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል) ሲስበው ብቻ ነው። ስለዚህ ኤሲው ተዘግቶም ጩኸቱ ካልቆመ፣ በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት የፑሌጃው ኩሽኔታ፣ ቺንጋው ወይም የቺንጋው መወጠሪያ ነው። በብዙ መኪኖች ዲናሞውና የውኃ ፓምፑም በዚያው ቺንጋ ስለሚዞሩ የእነርሱ ድምፅ በኮምፕሬሰሩ ሊሳበብ ይችላል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቺንጋውን አውልቆ፣ እያንዳንዱን በእጅ ማዞር ይህን ሁሉ ይለያል። (ፍሪሲዮን የሌላቸው አዳዲስ ኮምፕሬሰሮች ሁልጊዜ ስለሚዞሩ፣ ኤሲውን ከፍቶ በመዝጋት መለየት ለእነርሱ አይሠራም።)

ኤሲው ሲከፈት ብቻ የሚሰማ ድምፅም ቢሆን የሞት ፍርድ አይደለም። ፍሪሲዮኑ ሲይዝ «ቀጭ» ማለቱ ጤናማ ነው። በዚያው ቅጽበት ሲጢጥ የሚል ከሆነ ቺንጋው ላልቶ፣ ወይም በፍሪሲዮኑ ሳህንና በፑሌጃው መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ክፍተት በብዙ መኪኖች ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይርቅ ሲሆን፣ ሳህኑ ካላለቀ በስተቀር ከሥሩ ያለችውን ስስ ቀለበት በማንሣት ወይም በመለወጥ ይስተካከላል። የላላ የማሰሪያ ቡሎንም መኪናውን ሁሉ ያንቀጠቅጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ ግን የጋዝ አሞላሉ ነው። አንዲት ትንሽ መኪና ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም ጋዝ ብቻ ትይዛለች፤ ትክክለኛው መጠንም በአብዛኛው ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ታትሟል። ይህ ተጽፎ ሳለ፣ ያለ ሚዛን፣ በቫኪዩም አየሩንና እርጥበቱን ሳያወጡ፣ ቱቦውን በእጅ እየዳሰሱ «ቀዝቅዟል፣ ይበቃል» ብሎ መሙላት በሰው ንብረት ላይ መቀለድ ነው። ጋዝ ሲበዛ ግፊቱ ያይላል፤ ኮምፕሬሰሩም ያጓራል። ሲያንስ ደግሞ የባሰ ጉዳት አለ፤ ዘይቱን ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመልሰው በቱቦው ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ራሱ ነውና፣ ጋዙ የሚያፈስበትን ቦታ ሳይደፍኑ ጋዝ ብቻ እየጨመሩ መሸኘት ኮምፕሬሰሩን ቀስ በቀስ በደረቁ ማስፈጨት ነው። ከዚያ በኋላ «አላልኩህም?» የሚለው ያው ጋራዥ ነው።

በርግጥ ውስጡ ተፍጭቶ የሚያልቅ ኮምፕሬሰር አለ። መስመሩ ሲከፈት ዘይቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከታየ አልከራከርም፤ ይቀየር። ነገር ግን ከሶማሌ ተራ (ከአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ) የተገዛ ያገለገለ ኮምፕሬሰር በዚያው ብናኝ በሞላው መስመር ላይ ሲታሰር፣ እርጥበት የሚመጥጠው ማድረቂያ ሳይለወጥ፣ ቱቦው ሳይታጠብ፣ የጋዙን ፍሰት የሚቆጣጠረው የማስፋፊያ ቫልቭም ሳይፈተሽ ሲቀር፣ «አዲስ ገባ» የተባለው ዕቃ ምን ያህል ይቆያል? ዘይቱም እንደ ኮምፕሬሰሩ ዓይነት ይለያያል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ የእነዚህ ኮምፕሬሰር በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ስለሆነ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የራሱ ዘይት አለው። እጅ የገባውን ዘይት መጨመር እዚያ አደጋ ነው።

«አዲስ አበባ ላይ ኤሲ ምን ያደርጋል? መስኮት ክፈት» የሚሉኝም አሉ። አዋሽን፣ መተሐራን፣ ድሬዳዋን ልጅ ይዞ በቀትር ያቋረጠ ሰው እንዲህ አይልም። እዚሁ ከተማችን ውስጥም ቢሆን በክረምት ዝናብ መስታወቱ ጉም ሲለብስ፣ አየሩን አድርቆ ፊት ለፊት የሚያሳየን ኤሲው ነው።

ስለዚህ ባለጋራዦችን የምጠይቀው ይህን ነው፤ «ይቀየር» ከማለታችሁ በፊት ቺንጋውን አውልቁና አሳዩን፤ ጋዙን በሚዛን ሙሉና ግራሙን ደረሰኙ ላይ ጻፉልን፤ የቀየራችሁትንም አሮጌ ዕቃ መልሱልን። ባለመኪኖችም ይህን ሳታገኙ ክፍያ አትፈጽሙ።