ኤልሲዲ አለ?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠዋት ክፍል በር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያ ጥያቄው «ኤልሲዲ አለ?» ነው። አለ ከተባለ ይገባል። የለም ከተባለ ወደ ላውንጅ ይታጠፋል። መምህሩ መጣ አልመጣ የሚጠይቅ የለም።

ኤልሲዲው፣ ያው ፕሮጀክተሩ፣ ክፍል ውስጥ አይኖርም። የሚኖረው ዲፓርትመንት ቢሮ፣ ጸሐፊዋ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ተቆልፎበት ነው። የክፍል ተወካዩ መታወቂያውን አስይዞ፣ መዝገብ ላይ ፈርሞ ያወጣዋል። አቅፎት ግቢውን ሲያቋርጥ ላየው ሰው ክርስትና የሚያስነሳ ነው የሚመስለው። ቢወድቅበት ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

ክፍል ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት አይሠራም። ማከፋፈያ ከጎረቤት ክፍል ይሳባል። ምስሉ ዝቅ ካለ ከሥሩ መጽሐፍ ይደረግለታል። (ያ ወፍራም መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ከወጣ ወዲህ ለቁም ነገር የዋለው ያን ቀን ነው።) ቀጥሎ የመምህሩ ላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ፣ የፕሮጀክተሩ ገመድ ቪጂኤ ሆኖ ይገኛል። ማገናኛ ፍለጋ ሰው ይላካል። ሰማያዊው ብርሃን «ኖ ሲግናል» እያለ ይጠብቃል። ከኋላ ወንበር ምክሩ ይዘንባል። «ቲቸር፣ ኤፍ ስምንትን ይንኩት!» «ኧረ ኤፍ አምስት ነው!» «አጥፍተው ያብሩት!» ይህ ሁሉ እንግዲህ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ክፍል ውስጥ ነው።

እንደምንም ሲበራ መምህሩ ጀርባውን ይሰጠንና ማንበብ ይጀምራል። ድሮ መምህር ከተበጫጨቀ ማስታወሻው እያነበበ «ጻፉ» ይል ነበር አሉ። የዛሬው ግድግዳውን ያነባል። እኛም ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው ቁጭ ብለን እናዳምጣለን። ስላይዱ ከየት እንደመጣ ጥጉን ማየት ነው፤ የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ አርማ አለበት። አንዴማ ጭራሽ «ከታንክስጊቪንግ ዕረፍት በፊት አሳይመንቱን አስገቡ» የሚል መጣ። መምህሩ እሱንም አነበበው። አንዷ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ዕረፍቱ ስንት ቀን ነው?» አለች። «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» ብሎ አለፈው።

በመምህሩ ብቻ አይፈረድም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ሲገባላቸው፣ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ነበር የሚለቀቀው። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ይጠይቃል። ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል። ክፍሉ ጭጭ። «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ይቀጥላል። ዛሬ ስላይድ የሚያነቡልን ብዙዎቹ መምህራን ያኔ እዚያ ዴስክ ላይ ነበሩ። «ገባችሁ አይደል?» ብለው መልስ ሳይሰሙ ሲያልፉ፣ ከየት እንደለመዱት አይጠፋንም።

የእኛ የተማሪዎቹማ አይነሳ። ድሮ የሚያልቀው እስክሪብቶ ነበር፤ አሁን የስልክ ሜሞሪ ነው። ስላይድ በተቀየረ ቁጥር ክፍሉ ሁሉ ስልኩን ያነሳል። የፊተኛው ልጅ ጭንቅላት ያልገባበት ፎቶ የለም። ማታ ደግሞ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ፎቶ ሲያነሳ የዋለውም፣ ሲያንቀላፋ የዋለውም እኩል ያወርዱታል። ማንበቡ ለፈተና ዋዜማ ይቀጠራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ የሚሰጠውም በኮምፒውተር ነው። ያ ኮምፒውተር ግን ዝም ላለ ሰው «ቬሪ ጉድ» አይልም።

በጠመኔ ብቻ የሚያስተምሩ አንድ አንጋፋ መምህር አሉን። መብራት ቢጠፋ ግድ የላቸውም። ሰርኪዩት ሲስሉ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ጠይቀው መልስ እስኪመጣ ድረስ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ላብ በላብ ነው የምንሆነው። ችግሩ በሴሚስተሩ መጨረሻ የምንሞላው የመምህራን ግምገማ ነው። «የማስተማሪያ ቴክኖሎጂ ይጠቀማል» የሚል ጥያቄ አለበት። እዚያ ላይ ከአምስት አንድ ሰጠናቸው። ታዲያ ምን እንበል፣ አይጠቀሙማ!

ዲፓርትመንቱ ጠርቶ አነጋግሯቸው ነው መሰለኝ፣ በቀጣዩ ሴሚስተር ኤልሲዲ አስይዘው መጡ። ሰኩት፣ አበሩት። ላፕቶፕ አልያዙም። «ኖ ሲግናል» የሚለው ሰማያዊ ብርሃን ሰሌዳው ላይ አረፈ። እሳቸውም እላዩ ላይ በጠመኔ ይጽፉ ጀመር። ሴሚስተሩ እንዲሁ አለቀ።

በግምገማው ከአምስት አምስት አገኙ።