ኒዛሙ በገዛ ዳቦው

እንግሊዞች ህንድን በመድፍ ያዙ ሲባል እውነቱ ግማሽ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. ለቀው ሲወጡ ከ500 በላይ መሳፍንት ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ይህን እያነሱ «እንግሊዝ የአገሩን ገዥዎች አክብራ ነው ያስተዳደረችው» የሚሉ አሁንም አሉ። ለነዚህ ሰዎች ከመሳፍንቱ ግዛቶች የአንዷን፣ የሃይደራባድን ሒሳብ ባሳያቸው ደስ ይለኛል።

በ1798 የእንግሊዝ አገረ ገዥ በህንድ ዌልዝሊ ከሃይደራባድ ገዥ፣ ከኒዛሙ ጋር ተዋዋለ። ኒዛሙ ፈረንሳዮች ያሠለጠኑለትን ጦር ይበትናል፤ በምትኩ ያኔ ህንድን ለእንግሊዝ የሚያስተዳድረው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ጦር ይጠብቀዋል፤ የጠባቂዎቹን ወጪ የሚችለው ግን ራሱ ነው። በሁለተኛው ዓመት ለዚሁ ወጪ ሲባል ከእንግሊዞች ጋር ሆኖ የደቡብ ህንዷን ማይሶርን ከወጋባቸው ጦርነቶች የደረሰውን መሬት አስረከበ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በእንግሊዝ መኮንኖች የሚታዘዝ፣ እሱ ግን የሚከፍልለት ሌላ ጦር ተጨመረበት። ደመወዙ ሲጓተት ዕዳው ተቆለለ፤ በ1853 የጊዜው አገረ ገዥ ዳልሁዚ የጥጥ አገር የሆነችውን ቤራርን በዕዳው ወሰዳት። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይህ ነው። (ለኒዛሙ ብዙም አላዝንም። ሁለቱንም ጌቶች የቀለበው ገበሬው ነው።)

በ1902 ደግሞ የንጉሡ እንደራሴ ሎርድ ከርዘን መጣና ቤራርን በዓመት 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ሩፒ ለዘለዓለም ተከራያት። ማብቂያ የሌለው ኪራይ ምን ዓይነት ኪራይ እንደሆነ እንጃ።

ቀጣዩ ኒዛም ዑስማን ዓሊ ኻን በ1ኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ገንዘቡን አፍስሶ «የብሪታንያ መንግሥት ታማኝ ወዳጅ» የሚል ማዕረግ አገኘ። በክብር ሲቀበሉት 21 ጊዜ መድፍ ይተኮስለታል። ማዕረጉን የምር ወሰደው መሰል፣ ቤራር ትመለስልኝ ብሎ እንደ እኩያ ጻፈ። የንጉሡ እንደራሴ ሎርድ ሬዲንግ በ1926 ሲመልስለት፣ የብሪታንያ ዘውድ በህንድ ላይ ያለው የበላይነት በውል ላይ ብቻ የቆመ አይደለም፣ ማንም የአገሩ ገዥ ከእኛ ጋር በእኩልነት ልደራደር ሊል አይችልም አለው። ከመቶ ዓመት በላይ እያንዳንዱን ቁራሽ መሬት በውል ሲወስዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ይህን የሚሉት። ኒዛሙን ሲያስከፍሉ ውሉ ሕግ ነበር፤ እሱ ሲጠቅሰው ወረቀት ሆነ። መሳፍንቱን ማክበር የሚባለው ነገር እኔ እስከገባኝ ድረስ ይኸው ነው።

በ1936 ማስተዛዘኛ ይሆነው ዘንድ አልጋ ወራሹ «የቤራር ልዑል» ተባለ። ቤራር ግን እንደ በፊቱ በእንግሊዝ ግዛት ካለችው ከናግፑር ከተማ ትተዳደር ነበር።

ኒዛሙ ከነጻዪቱ ህንድ ጋር አልቀላቀልም ብሎ በመስከረም 1948 የህንድ ጦር ሃይደራባድ ሲገባ ውጊያው አምስት ቀን ፈጀ። ለታማኙ ወዳጅ ከለንደን አንድም ወታደር አልመጣለትም።