ሕልም የሚታየው «ሬም» (REM) በሚባለው እንቅልፍ ብቻ አይደለም

ስለ ሕልም ያነበብኩት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ «ሕልም የሚታየው ዓይን በፍጥነት በሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል፣ በሬም፣ ብቻ ነው» የሚለው ግን መታረም አለበት። የእንቅልፍ ተመራማሪዎቹ አሴሪንስኪና ክላይትማን በ1953 እ.ኤ.አ. ሬምን ሲያስታውቁ እንዲያ ይመስል ነበር። ከሌሎቹ የእንቅልፍ ክፍሎች የተቀሰቀሱ ሰዎችም ሕልም ይናገራሉ፤ የሬሙ ግን ብዙ ጊዜ ረዘም ያለ፣ ምስሉ የደመቀና ስሜቱ የበረታ ነው።

ሕልም ለምን ቶሎ ይረሳል? በሬም ጊዜ ኖርአድሬናሊን የሚባለው ኬሚካል በአንጎል ውስጥ እጅግ ይቀንሳል፤ ትዝታን ለማስቀመጥ ደግሞ እሱ ያግዛል። ከግንባር ጀርባ ያለው፣ ነገር የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍልም ይቀዘቅዛል። የሞተ ዘመድ በር ከፍቶ ሲገባ የማይገርመን ለዚህ ነው።

ሕልሙን መያዝ የሚፈልግ ሰው ሲነቃ አይገላበጥ፣ ስልክም አይንካ። ዓይኑን እንደጨፈነ መጀመሪያ ስሜቱን፣ ከዚያ የመጨረሻውን ምስል ይያዝና ወደ ኋላ ይሂድ፤ ሦስት አራት ቃልም ቢሆን ወዲያው ይጻፍ። ሬም የሚረዝመው ወደ ንጋት ስለሆነ ከእንቅልፉ መጨረሻ ሁለት ሰዓት የቀነሰ ሰው የሚያጣው ትልቁን የሕልም ድርሻ ነው። መጠጥም በሌሊቱ መጀመሪያ ሬምን ያፍናል፤ ከሰውነት ሲወጣ ሬም በርትቶ ይመለሳል፣ ቅዠትም ያኔ ይበዛል።

ለሚደጋገም ቅዠት የሚረዳ ዘዴ አለ፦ ቀን ላይ ታሪኩን እንደፈለጉ ለውጦ መጻፍ፣ ከዚያ አዲሱን በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በሐሳብ መመላለስ። በጣም ከሚያስፈራው መጀመር ስሕተት ነው፤ ሰው ተጨንቆ ልምምዱን ይተወዋል። ቀለል ካለው ይጀመር።