ጎሽ፣ የእኛ ዕብራይስጥ አዋቂ!

ድሮ ዕብራይስጥ ለመማር ዓመታት ይፈጅ ነበር አሉ። ዛሬ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ስልክ፣ ክብ መብራትና "በዕብራይስጡ ስናየው" የምትል ሐረግ ካለህ ሊቅ ነህ። ይህን የሚነቅፉ ሰዎች ምቀኞች ናቸው። ሌላ ምን ሊሆኑ ይችላሉ?

ሰሞኑን አንድ መምህር በቲክቶክ ላይቭ ስለ ሬኤም አስተማሩ። ሬኤም በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን 9 ጊዜ የተጠቀሰ የዱር አውሬ ነው። መምህሩ ቃሉን ነጭ ሰሌዳ ላይ በዕብራይስጥ ፊደል ጻፉት። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚጻፈው። እሳቸው ግን እንደ አማርኛ ከግራ ጀመሩ። ደግነቱ የስልኩ ካሜራ ምስል ይገለብጣል፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ተስተካከለ። ፊደሎቹ ብቻ ዞረው ጀርባቸውን ሰጡን። ይህን ተአምር ካላልን ምን ልንል ነው?

ከዚያ ትንታኔው መጣ። ሬሽ ራስ ነው፣ አሌፍ በሬ ነው፣ ሜም ውሃ ነው። እስከዚህ ልክ ናቸው፤ የፊደሎቹ ጥንታዊ ስም ከዚያው የመጣ ነው። ቀጠሉ። "ራስ ትሆናላችሁ እንጂ ጅራት አትሆኑም!" አሜን። "ውሃ ባሕር ነው፣ ባሕር ማዶ ነው፣ ማዶ ደግሞ ቪዛ ነው!" ኮሜንቱ በአሜን ተጥለቀለቀ። በሬው መሃል ላይ ተረሳ፤ የት ገባ ብሎ የጠየቀም የለም። በዕብራይስጥ እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ ስላለው ሲደመር 200፣ 1 እና 40 ናቸው፤ 241። አንዲት እህት "የቤት ቁጥሬ ነው፣ ተቀብያለሁ!" ብላ ጻፈች። ሬኤም የሚባል ስጦታ ቲክቶክ ላይ ስለሌለ ሰዉ አንበሳ ላከ። አውሬ ለአውሬ ያው ነው።

በመጨረሻም ምስጢሩ ተገለጠ። ሬኤም ማለት "አንድ ቀንድ ያለው" ነው። ስለዚህ አንድ ራእይ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ አባት። አባትየው ማን እንደሆኑ ለመገመት ብዙ አያስቸግርም።

የጥንቶቹ ሊቃውንት እኮ ሲታዩ ያሳዝናሉ። ሰባ ሊቃናት ኦሪትን ወደ ግሪክ ሲመልሱ ይህን አውሬ "አንድ ቀንድ ያለው" አሉት። የእኛ ግዕዝም ከግሪኩ ስለተቀዳ "ዘአሐዱ ቀርኑ" አለ። ቅዱስ ሄሮኒሙስ በላቲን ሲተረጉም በአንዳንዱ ቦታ አውራሪስ፣ በመዝሙር ላይ ባለ አንድ ቀንድ አደረገው። ችግሩ ዘዳግም 33፥17 ላይ ነው። ዮሴፍ ሲባረክ "ቀንዶቹ የሬኤም ቀንዶች ናቸው" ይላል። ሬኤሙ አንድ፣ ቀንዶቹ ብዙ! ጥቅሱ ራሱ ወረድ ብሎ ኤፍሬምንና ምናሴን ይጠራል፤ ሁለት ቀንድ፣ ሁለት ነገድ። እ.ኤ.አ. በ1611 የወጣው የንጉሥ ጄምስ እንግሊዝኛ ከዚህ ጣጣ ለመውጣት አውሬውን አበዛው፤ "ባለ አንድ ቀንዶች" ብሎት ዐረፈው። ምስኪኖች። ቲክቶክ ቢኖራቸው ኖሮ ጥቅሱን ባላነበቡት ነበር።

የአይሁድ ሊቃውንትም አልተቻሉም። ታልሙድ ውስጥ ሬኤም ከትልቅነቱ የተነሳ ኖኅ መርከብ ውስጥ ስላልገባ ውጭ ታስሮ ዳነ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። የአንድ ቀን ጥጃው የታቦር ተራራን ያህላል ያሉም አሉ። ይህን ነገር ለመምህራችን እንዳትነግሩብኝ።

ቋንቋውን ቁጭ ብለው ያጠኑት ሰዎችስ ምን አሉ? የዕብራይስጥ ዘመድ በሆነው በጥንቱ የአካድ ቋንቋ "ሪሙ" የሚባል የዱር በሬ ስለነበረ ሬኤምም እሱ ነው ይላሉ። የዛሬ ከብቶቻችን ቅድመ አያት የሆነው፣ ሁለት ግዙፍ ቀንድ ያለው በሬ ማለት ነው። የዘሩ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ1627 ፖላንድ ጫካ ውስጥ ሞተች። በዛሬው ዕብራይስጥ ሬኤም የሚሉት ደግሞ ሳላን ነው፤ የእኛዋ አዋሽ ፓርክ ውስጥ አለች። እሷም ሁለት ቀንድ አላት። በጎን ከታየች ግን አንድ ይመስላል፤ እውነቱን ለመናገር መምህሩም ነገሩን በጎን ነው ያዩት። አንዳንዱ የአማርኛ ትርጉም "ጎሽ" ይለዋል። ጎሽ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ዘይቱ። መዝሙር 92፥10 ላይ ሬኤምና ዘይት አብረው ተጠቅሰዋል። መምህሩ ይህን ሳያዩ አላለፉም። በማግስቱ "የሬኤም ቅባት" በትንንሽ ጠርሙስ ቀረበ። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደረሰ። ሰዉ ጸጥ ብሎ፣ ተራውን ጠብቆ፣ አስተናጋጁ "ወደዚህ" ሲለው ወደዚህ፣ "ወደዚያ" ሲለው ወደዚያ እያለ "እኔ ሬኤም ነኝ" ይላል። ኢዮብ 39 ላይ እግዚአብሔር ስለዚሁ አውሬ ይጠይቃል። ያገለግልሃል ወይ? ግርግምህ ሥር ያድራል ወይ? በገመድ አስረህ ታርስበታለህ ወይ? ኢዮብ መልስ አልነበረውም። የእኛ መምህር ግን አላቸው። አዎ፣ ይታረስበታል። ገመድም አያስፈልግም።

እንዲህ ያለ ችሎታ እያየን ዓመታት ጉባኤ ቤት ተቀምጦ "አንድም" እያለ የሚያወጣና የሚያወርድ የኔታ ምን ያደርግልናል? እሳቸው ለአንድ ቃል ሦስት አራት ሐተታ ያመጡና ይመርጣሉ። አንዱም ሐተታ ቪዛ አይሰጥም።

ቀጣዩ ትምህርት "ፔሬ" በሚለው ቃል ላይ እንደሆነ ተነግሯል። ዘፍጥረት 16፥12 ላይ ለእስማኤል የተነገረ ነው። የበዳ አህያ ማለት ነው። ከማስታወቂያው ሥር ከወዲሁ "አሜን፣ ለእኔ ነው!" ብለው የጻፉ አሉ።