ላም አለኝ በሰማይ፣ ባለ ሁለት ሞተር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ ይሄ ጎደለ፣ ያ ጎደለ ስንል ዓመታት አለፉ። ውሃ በሳምንት አንዴ ትመጣለች፣ እሷም ሰው ሲተኛ። የታክሲው ሰልፍ ጫፉ አይታይም። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ወዲህ አራተኛ ፎቅ የምንወጣው በዳበሳ ነው። ግን እስቲ ግፍ አንናገር፤ የጦር ጀት ግዢ አማካሪ ጎድሎብን ያውቃል? ከብሎካችን ሥር ባለችው ጀበና ቡና በማንኛውም ሰዓት ቢያንስ አምስት አማካሪ አይጠፋም። ቅዳሜ ከሰዓት አሥር ይሞላሉ። ዱካው ስለማይበቃ ግማሾቹ ጀሪካን ላይ ይቀመጣሉ። ጀሪካኑ እንደሆነ ሥራ ፈት ነው።

ለእነዚህ ወገኖች እስከ ዛሬ አንድም ሰው "እግዜር ይስጥልኝ" ሲላቸው ሰምቼ አላውቅም። ዕዳውን ልክፈል።

መጀመሪያ ኮሎኔልን ላመስግን። ኮሎኔል ማዕረጉን ያገኘው ከሰልባጅ ተራ በገዛው ዝንጉርጉር ጃኬት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን በብቃቱ አጽንቶታል። የሰው ልጅ ጀት ከሠራ ጀምሮ ኮሎኔል ያልገመገመው የለም። ኤፍ-22 "ምርጫ ቁጥር አንድ" ነው ይለናል። አሜሪካ ኤፍ-22ን ለማንም እንዳትሸጥ የራሷ ሕግ ከልክሏታል፤ ማምረቻውም እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘግቷል። ይህ ኮሎኔልን አያግደውም። አንድ ቀን ደፍሬ "የማይሸጥ ዕቃ እንዴት ይገዛል?" ብለው፣ በሐዘኔታ አየኝና "ሁሉም ነገር ደላላ አለው" አለኝ። ቤቴን በደላላ የተከራየሁ ሰው ነኝ፤ ምን እመልሳለሁ?

ራዳር ሌላው ነው። ራዳርን ስልክ ቁጥሩን ብትጠይቁት ስልኩን አውጥቶ ነው የሚያየው። የሩሲያውን ጀት፣ የሱ-57ን የክንፍ ስፋት ግን ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ጠይቁት። ሦስተኛው ስዊድን ይባላል፤ የስዊድኑ ጀት የግሪፐን ደጋፊ ስለሆነ። "እኛ እኮ የሠሪው የሳብ የድሮ ደንበኛ ነን፣ ቅናሽ ይገባናል" ይላል። እዚህ ላይ ፍርድ ላለማጓደል፣ ልጁ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ከጣልያን ወረራ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ቢሾፍቱ ላይ ያቋቋሙት ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባሉ ስዊድናዊ ነበሩ፤ ሳብ-17 የሚባሉ አውሮፕላኖችም ያኔ ከስዊድን ተገዝተዋል። ቅናሹን በተመለከተ ኩባንያው እስካሁን መልስ አልሰጠም። ደብዳቤ የጻፈለት ስለሌለም ይሆናል።

ልማዱ ራሱ የዛሬ አይደለም። ለአዲስ አበባ የመጀመሪያው አውሮፕላን በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከጅቡቲ በርሮ የመጣው ፖቴዝ የሚባል የፈረንሳይ አውሮፕላን ነው። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለ። እምላችኋለሁ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከሜዳው ዳር የቆመ አንድ ሰው ለጎረቤቱ "የጀርመኑ ቆርቆሮ ይሻላል" ሳይለው አልቀረም። የኮሎኔል ቅድመ አያት ማለት እሱ ነው።

ፍልሚያው የሞቀው በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ነበር። የእንግሊዝ ሊግ ሊዘጋ ጥቂት ሳምንት ቀርቶት፣ የአርሰናል ልጆች እንደተለመደው ለከርሞ ቀጠሮ ይዘው፣ ሰዉ የሚከራከርበት አጥቶ ሳለ ህንድና ፓኪስታን በሰማይ ተጋጠሙ። ፓኪስታን በቻይናው ጄ-10ሲ ሦስት የፈረንሳይ ራፋል ጨምሮ አምስት የህንድ አውሮፕላን ጣልኩ አለች። ህንድ ከሳምንታት በኋላ ቁጥሩን ሳትጠራ አውሮፕላን ማጣቷን አመነች። በቻይና የአክሲዮን ገበያ የጄ-10 ሠሪው ዋጋ ተተኮሰ። እኛ ዘንድም ገበያው ተናጋ፦ የራፋል ደጋፊዎች ሁለት ቀን ቡና ሊጠጡ አልወረዱም፣ የጄ-10 ደጋፊ የሆነው ባለ ባጃጅ ደግሞ ለተገኘው ሁሉ ቡና ጋበዘ። ከዓለም የጦር አውሮፕላን ንግድ ብሎካችን በቀጥታ ያገኘው ጥቅም ይኸው አንድ ዙር ቡና ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ልጁ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ሦስት ሰዓት ቆሞ ነበር የመጣው። የአሜሪካው ኤፍ-35 በሆዱ ከ8 ሺህ ኪሎ በላይ ነዳጅ እንደሚይዝ የነገረኝ እሱ ነው፤ ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ ያዘለ መሰለኝ።

ስለ ዋጋ ካነሳን፣ ወገኖቼ ለገንዘብ ያላቸው ንቀት መነኩሴን ያስቀናል። አንድ ቅዳሜ ኮሎኔል "ኤፍ-35 ረክሷል! 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገብቷል!" ብሎ አወጀ። እንደ ሽንኩርት። ባለ ጀበናዋ ፍም እያራገበች "በሲኒ ስንት ይመጣል?" አለች። ዶላሩን በ150 ብር መታነው፤ 12 ቢሊዮን ብር። ሲኒው በ20 ብር፤ 600 ሚሊዮን ሲኒ። ጀበናዋ ስድስት ሲኒ ስለምትይዝ መቶ ሚሊዮን ጀበና። በቀን ሃያ ጀበና ብታፈላ ከ13 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ትንሽ አሰበችና "ስኳሩን እናንተ ከቻላችሁ" አለች።

ሳቅን። ራዳር ግን አልሳቀም፤ ስልኩን አወጣ። ለካ ኢንዶኔዥያ አስባዋለች! እ.ኤ.አ. በ2018 አሥራ አንድ ሱ-35 በ1.14 ቢሊዮን ዶላር ከሩሲያ ልትገዛ ተዋውላ፣ ግማሹን በዕቃ ልትከፍል ነበር፤ በፓልም ዘይት፣ በጎማ፣ በሻይ፣ በቡና። "በቡና!" ብሎ ራዳር ከጀሪካኑ ተነሳ። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ሚኒስትር ሆነን ዋልን። ይርጋጨፌ ለሞተር፣ ሐረር ለራዳር፣ ጅማ ለጎማው ተመደበ። ውሉ በኋላ ከሽፎ ኢንዶኔዥያ 42 ራፋል ለመግዛት ገንዘቧን ይዛ ወደ ፓሪስ መሄዷን ራዳር ከታች አንብቦታል፤ ስሜታችን እንዳይነካ ብሎ ይመስለኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረን።

በውሳኔ ፍጥነትም አቻ የላቸውም። ምስኪኖቹ ስዊዞች ጀት ለመግዛት ሕዝብ ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ግሪፐን እንግዛ ወይ ተብለው "አንፈልግም" አሉ (ስዊድን ይህን ዓመት ስሙን አይጠራውም)። በ2020 እንደገና ተጠየቁ፤ 6 ቢሊዮን ፍራንኩ ከ9 ሺህ በማይበልጥ ድምፅ ለጥቂት አለፈ፣ ኤፍ-35ም ተመረጠ። ዋጋው ቁርጥ ነው ተባሉ። በ2025 አሜሪካኖቹ መጥተው "ቁርጥ ያልነው እንደዚያ ማለታችን አልነበረም" አሏቸው፤ ጭማሪው እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል ተባለ። ይህን ዜና ስሰማ፣ አልደብቃችሁም፣ ደስ አለኝ። ዕቃ ሲጫን አንድ ዋጋ፣ ሲራገፍ ሌላ ዋጋ የሚጠሩት የእኛ ሰፈር ወዛደሮች ብቻ መስለውኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋና ልምጣ። ወገኖቼን ከሌላው ገዢ ሁሉ የሚለያቸው፣ አንዲት የባለጌ ጥያቄ ከአፋቸው ወጥታ አለማወቋ ነው። ጥያቄዋ "መለዋወጫው ይገኛል ወይ?" ትባላለች። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚገዛ ማንም ሰው መጀመሪያ ይህን ይጠይቃል፤ ከተማው ሁሉ ቶዮታ የሚነዳው ለቁንጅናው አይደለም። ጀት ላይ ሲደርሱ ግን ጨዋነት ይጫናቸዋል። ፍጥነት፣ ሚሳይል፣ ከራዳር መሰወር፣ በቃ። ማን ይጠግነዋል፣ ሻጩ ሲኮርፍ ምን ይደረጋል፣ ይህ የማጀት ወሬ ነው።

ባይጠይቁ ይሻላል በእርግጥ። ቢጠይቁ ደቡብ አፍሪካ 26 ግሪፐን ገዝታ የጥገና ውል ባለመታደሱ እ.ኤ.አ. ከ2021 መገባደጃ ጀምሮ አንድ ዓመት ያህል መሬት ላይ እንዳቆመቻቸው ይሰማሉ፤ ስዊድን ታሞ ይተኛል። ቢጠይቁ ቱርክ ለኤፍ-35 ፕሮግራም 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍላ፣ የሩሲያን ኤስ-400 ፀረ-አውሮፕላን ሚሳይል በመግዛቷ እ.ኤ.አ. በ2019 ከማዕዱ እንደተነሳች ይሰማሉ። አሜሪካ ራሷ እንኳ፣ የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት እንዳለው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጋቢት ላይ ለግዳጅ ዝግጁ የነበሩት ኤፍ-35ዎቿ 55 በመቶ ያህሉ ነበሩ። የቀሩት? ዕቃ ይጠብቃሉ፣ ወረፋ ይጠብቃሉ። እንደ እኛ።

የኢራንማ ለብቻው ነው። ንጉሡ፣ ሻሁ፣ ከአሜሪካ 79 ኤፍ-14 ጀት ተረክበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 አብዮት መጣ፣ የመለዋወጫው በር ተዘጋ። ኢራኖች አንዱን ገንጥለው ሌላውን እየጠገኑ ለአሥርት ዓመታት አበረሯቸው። አሜሪካ ደግሞ የራሷን ኤፍ-14ዎች ጡረታ ስታወጣ፣ ብሎን እንኳ ቴህራን እንዳይደርስ ብላ ብዙዎቹን በማሽን አስፈጨቻቸው። ይህን ታሪክ የነገሩን ጋሼ ናቸው።

ጋሼን ረስቼ። ጋሼ ቢሾፍቱ በአውሮፕላን ጥገና ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ከኤፍ-5 ጀምሮ በእጃቸው ያላለፈ የለም፤ ከአሜሪካ ጋር ተቆራርጠን መለዋወጫ የነጠፈበትን፣ ቀጥሎ ሚጉ ከነራሽያኛ መጽሐፉ የመጣበትን ዘመን ያውቁታል። በጀበናዋ ዙሪያ ጀት በእጁ ነክቶ የሚያውቅ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ወገኖቼ እንዳያደክሟቸው ብለው ዕድል አይሰጧቸውም። አንድ ቀን ጋሼ "አውሮፕላን እኮ አንድ ሰዓት በሮ ብዙ ሰዓት ነው የሚጠገን" ሲሉ ኮሎኔል በአክብሮት፣ "ጋሼ፣ የእርስዎ ጊዜ እንደዚያ ነበር" አላቸው። ጋሼ ቡናቸውን ጠጡ።

ከሦስት ወር በፊት ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው የብሎካችን ፓምፕ ሲቆምም መጀመሪያ ጎንበስ ብለው ያዩት እሳቸው ነበሩ። "ሲል" የምትባል የጎማ ቀለበት ተበልታለች፤ ለቤት 50 ብር ቢዋጣ ከነሠራተኛው ይበቃል አሉ። ስብሰባ ተጠራ። የ12 ቢሊዮን ብር ጀት ስኳሩ ሳይሟሟ የሚመርጠው ኮሎኔል እጁን አወጣና "ለመሆኑ ጥናት ተጠንቷል? ሦስት ፕሮፎርማ የታለ?" አለ። ራዳር ፓምፑ የየት አገር ሥሪት እንደሆነ ጠየቀ፤ ጣልያን ነው ሲባል ግማሹ ቤት "ቻይና ይሻል ነበር"፣ ግማሹ "አይሻልም" ብሎ እስኪመሽ ተሟገተ። ኮሚቴ ተቋቁሟል። ኮሚቴው አጥኚ ኮሚቴ አቋቁሟል። እኔ አራተኛ ፎቅ ሃያ ሊትር ተሸክሜ መውጣት ለወገብ ጥሩ እንደሆነ ራሴን አሳምኛለሁ።

ባለፈው እሁድም እንዲሁ ተቀምጠናል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ቢሾፍቱ የገቡት ሱ-30ዎች ከግብፅ ራፋል ጋር ሲተያዩ የሚለው ርዕስ ተነስቶ፣ ኮሎኔል ሁለት ሲኒ ጎን ለጎን አድርጎ ክንፍ እያሳየን ነው። ድንገት ከወደ ፈጣን መንገዱ በኩል ከባድ ድምፅ መጣ። ሁሉም ብድግ። ደመና ነው፣ ምንም አይታይም። ራዳር ዓይኑን ጨፍኖ "ሱ-30 ነው፣ ባለ ሁለት ሞተር" አለ። ስዊድን "የለም፣ ድምፁ ነጠላ ነው" አለ። ኮሎኔል እጁን በግንባሩ ላይ ጋርዶ "ከፍታው አምስት ሺህ ሜትር" ሲል፣ ባለ ጀበናዋ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥላ ስትሮጥ አየሁ። እኔ የተቀመጥኩበትን አንስቼ ተከተልኳት።

የውሃ ቦቴ ነበር።

ሰልፉ ከመቅጽበት ብሎኩን ዞረ። ወገኖቼ ገና ወደ ሰማይ አንጋጠው ሞተር ይቆጥራሉ። ጋሼ የሞላ ጀሪካናቸውን ይዘው በአጠገባቸው ሲያልፉ ቆም አሉና "ባለ አንድ ሞተር ነው" አሏቸው። "እሱም ዘይት ይጥላል።"