ናፍቀውናል!

ምግብን እቤት ድረስ የሚያመጣ አንድ አፕ አለ፤ ስሙ ይቆየን። በስቅለት ዕለት፣ አገሩ ስግደት ላይ ሳለ፣ ልክ 6 ሰዓት ሲሆን «ርቦሃል አይደል? ድርብ በርገር ከቺዝ ጋር!» ብሎ ጻፈልኝ። ርቦኛል እንጂ! ለዚህ ግን ሰይጣን ብቻውን ይበቃኝ ነበር፤ ረዳት መቅጠሩን አላወቅሁም።

እናቴን ደግሞ ሌላው አፕ «ናፍቀውናል! ይመለሱ» አላት። መነጽሯን አድርጋ ሁለቴ አነበበችው። «ማን ነው እኔ የናፈቅሁት?» አለችኝ። ልብስ የሚሸጥ አፕ ነው ብላት ቅር አላት። «ከናፈቅሁትማ መጥቶ ቡና አይጠጣም?»

ቋንቋ የሚያስተምረው የዱኦሊንጎ አፕ አርማ፣ ጉጉት የተባለው ወፍ ግን ሙያተኛ ነው። ትምህርቱን ስትተው ቢጎተጉትህ ቢጎተጉትህ አልሰማ ስትለው፣ «ማስታወሻዎቹ የሚሠሩ አይመስሉም፤ ለጊዜው መላካችንን እናቆማለን» ይልሃል። አኮረፈ ማለት ነው! ይህን ዘዴ ማን እንዳስተማረው እንጃ፤ እኔ በበኩሌ አክስቴን ጠርጥሬያለሁ።

እነዚህ አፕ ሠሪዎች ከእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋር አንድ ሳምንት ቢውሉ ደስ ይለኛል። ሰውዬው ጎህ ሳይቀድ ይነፋል፤ የሟቹን ስም፣ ቀብሩ የት እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሆነ ተናግሮ ያልፋል። ሰፈሩ ነጠላውን ዘቅዝቆ ይወጣል። ለምን? ያለ ነገር ነፍቶ ስለማያውቅ ነዋ! «እንዴት አደራችሁ፣ ዛሬ ምንም የለም» እያለ በየቀኑ ቢነፋ ኖሮ፣ እውነተኛው ቀን ሲመጣ ሬሳውን የሚሸኘው እሱና ጥሩምባው ብቻ ነበሩ።

ጥፋቱ የእኛም ነው፣ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው የስልክ ሶፍትዌር፣ ከአንድሮይድ 13 ወዲህ፣ አዲስ የምንጭነው አፕ መልእክት ለመላክ አስቀድሞ ያስፈቅዳል። እኛ ታዲያ? በራችን ሲንኳኳ ሦስቴ «ማነው?» ሳንል የማንከፍት ሰዎች፣ ስልኩ ላይ «ፍቀድ» የምትለዋን ሳናነብ ጠቅ! ከዚያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የቅናሽ ዜና ሲቀሰቅሰን እንራገማለን።

ደሞዝ መግባቱን የሚነግረው የባንክ መልእክት እኮ ልብ የለበትም፣ ርችት የለበትም፣ ናፈቅሁህም አይል። ደረቅ ነው። ግን በወር መጨረሻ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ስልክ «ጢው» ሲል፣ ተሳፋሪው በሙሉ ኪሱን ይዳብሳል። ረዳቱ ሳይቀር! እሱ እንኳ ደሞዙን ማታ ማታ በእጁ ነው የሚቀበለው።